ምዕራፍ ሰባት፦ የተገፋው ወሰን

ክረምት ሲበረታ የርብና የጉማራ ወንዞች ከአፋቸው ይወጣሉ። ሁለቱም መነሻቸው ጉና ተራራ ነው። ከዚያ ቁልቁል ተምዘግዝገው ፎገራ ሲደርሱ ግን መሬቱ እንደ ምጣድ ዝርግ ስለሆነ ጎርፉ መሄጃ ያጣና ይተኛል። ከወረታ እስከ ጣና ዳር ያለው ሜዳ ለሳምንታት ውሃ ለብሶ ይሰነብታል። ውሃው ሲጎድል ገበሬው የሩዝ ማሳውን ሊያይ ይወጣል። ክትሩ ተንዷል፤ የወሰን ድንጋዩ አንዳንዱ በደለል ተቀብሯል፣ አንዳንዱ ካለበት ተንከባልሏል። ሰው የሚፈተነው ያኔ ነው። ግራ ቀኙን አይቶ ድንጋዩን አንድ ትልም ያህል ወደ ጎረቤቱ ቢያስጠጋው ማን ያያል? ቢጠየቅም መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ጎርፍ ነው።»

እንበልና አንድ ገበሬ ይህን አደረገ። ኅዳር ላይ ሩዙን ሲያጭድ ከዚያች ትልም የመጣውንም አብሮ ወቃ፣ አብሮ ከተተ። ጎረቤቱ ነገሩን ሳያውቀው አልቀረም፤ ሰላምታው ቀዝቅዟል፣ ልጆቻቸው አብረው ከብት መጠበቅ ትተዋል። ሰውየው ሌሊት እንቅልፍ አጣና ካህን ዘንድ ሄደ። ካህኑ ምን ሊለው ይገባል?

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ ንስሐ የምታስተምረው ከሞላ ጎደል ሁሉ በዚህች አንዲት ትልም ሊገለጽ ይችላል። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። ፎገራ የኦርቶዶክስ አገር ነው፤ ካቶሊካዊ በጣት የሚቆጠር ነው። አካባቢውን የሚያካትተው የባሕር ዳር ደሴ ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት ከአዲስ አበባ ተከፍሎ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ታዲያ ስለ ካቶሊክ ንስሐ ለመናገር ወረታ ምን አመጣን? ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የዚህ ሜዳ ሰው ስለ እርቅ የሚያውቀው ነው። ሁለተኛው ከ400 ዓመት በፊት በዚሁ በጣና ዙሪያ የሆነው ነው።

በካቶሊክ ትምህርት ተነሳሒው ከራሱ የሚያመጣው ሦስት ነገር ነው፤ ጸጸት፣ ኑዛዜና ካሳ። አራተኛው፣ ማለትም ፍትሐቱ፣ በካህኑ አፍ ከእግዚአብሔር የሚመጣ ነው።

ጸጸት ማለት «ተነቃብኝ» ብሎ መደንገጥ አይደለም። ሰውየው አውጫጭኝ ተቀምጦ እንዳይጋለጥ ወይም ፍርድ ቤት እንዳይገተር ብቻ ፈርቶ ከሆነ ገና አልተጸጸተም። ቤተ ክርስቲያኒቱ እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጸጸት ትለያለች። አንዱ እግዚአብሔርን ከመውደድ የሚመጣ ነው፤ ይህ ፍጹሙ ነው። ሌላው ኃጢአቱን በመጸየፍ ወይም ገሃነምን በመፍራት የሚመጣ ነው። ይህኛው ጎደሎ ቢሆንም ሰውየውን እስከ ኑዛዜ ካደረሰው ይበቃል። ይህ ትምህርት ደስ ይለኛል። የሰውን ልክ ያወቀ ነው፤ አብዛኞቻችን ካህን ደጅ የምንደርሰው በፍርሃት ተገፍተን ነውና።

ኑዛዜው ደግሞ በቃል ነው። «ጌታ ሆይ፣ በድያለሁ» ብሎ በጅምላ ማለፍ የለም፤ «የጎረቤቴን ወሰን ገፍቻለሁ» ማለት ያስፈልጋል። የሰማው ካህን ለማንም አይናገርም። በቀጥታ ከተናገረ በዚያው በድርጊቱ ይወገዛል፤ ሌላ ፍርድ አይጠበቅም። ከኑዛዜ የሰማውን ነገር ተናዛዡን በሚጎዳ መንገድ ሊጠቀምበትም አይችልም። በእኛ አነጋገር ሆድ ይፍጀው ማለት ነው፤ ያውም እስከ መቃብር።

ብዙ ሰው የካቶሊክ ኑዛዜ ሲባል ወደ አእምሮው የሚመጣው በፊልም የሚያየው ያ ወንፊት መሳይ መስኮት ያለው የእንጨት ሳጥን ነው። ሳጥኑ የዘገየ ነገር ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሚላኖው ሊቀ ጳጳስ ካርሎ ቦሮሜኦ ያስፋፋው የላቲኖች ልማድ ነው። በጥንቱ ዘመን ከባድ ኃጢአት የሠራ ሰው ንስሐ የሚገባው በአደባባይ ሲሆን፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። በጆሮ ተናዝዞ ደጋግሞ መመለስን በአውሮፓ ያለመዱት የአየርላንድ መነኮሳት ናቸው። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይናዘዝ ተብሎ የተደነገገው በ1215 በላተራን ጉባኤ ነው።

ለፎገራ ሰው ይህ ሁሉ ባዕድ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ንስሐን ከሰባቱ ምሥጢራት ትቆጥራለች፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የነፍስ አባት አለው፣ የነፍስ አባት ቀኖና ይሰጣል፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይላል። ልዩነቱ ይልቅ በኑሮው ላይ ነው። ካቶሊካዊ ሥልጣኑ ያለው ማንኛውም ካህን ዘንድ፣ አይቶት የማያውቀው እንግዳም ቢሆን፣ ሄዶ ሊናዘዝ ይችላል። የእኛ ሰው የነፍስ አባት ግን ቤቱን፣ ሚስቱን፣ በሬውን ያውቃል። እንግዳ ፊት መናገር ይቀላል። የነፍስ አባት ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በዚያ ማሳ ጥግ ያልፋል፤ ድንጋዩ ወደ ቦታው መመለስ አለመመለሱን በዓይኑ ያያል። የትኛው እንደሚሻል ልፈርድ አልፈልግም፤ የትኛው እንደሚከብድ ግን ግልጽ ነው።

ሦስተኛው፣ ካሳው፣ የሚረሳው ነው። ተናዝዞ የወጣ ሰው «ቀለለኝ» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ይቀላል። መንደሩ ግን አልቀለለውም። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ነገሩን ሳያድበሰብስ ያስቀምጠዋል፤ ፍትሐት ኃጢአቱን ያነሳል፣ ኃጢአቱ ያበላሸውን ሁሉ ግን አያስተካክልም። የተሰረቀ ይመለሳል፣ ስሙ የጠፋ ሰው ስሙ ይታደሳል፣ የቆሰለ ይካሳል። ካህኑ ለዚያ ገበሬ «አሥር ጊዜ አባታችን ሆይ ድገም» ብሎ ብቻ ቢያሰናብተው ሥራውን አልሠራም። ድንጋዩ ወደ ቦታው ይመለስ። ከትልሟ የታጨደው ሩዝም፣ ወይ ግምቱ፣ ለባለቤቱ ይድረስ። እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያኒቱ አንድ ርኅራኄ አላት፤ ራሱን እንዲያጋልጥ አታስገድደውም። በሌሊት ሄዶ ድንጋዩን ሊመልስ ይችላል፤ ሩዙንም በሦስተኛ ሰው እጅ ሊያደርስ ይችላል። የግድ የሆነው መመለሱ ነው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚባለው ተረት ለተበዳዩ የተተረተ ነው። ለበዳዩም ቢተረት መልካም ነበር፤ የሰው ወሰን ይዞ ኑዛዜም እንደዚያው ነውና።

የወሰን ነገር አንዳንዴ በትልም አያበቃም። ዱላ ይመዘዛል፣ ጥይት ይተኮሳል፣ ሰው ይወድቃል። ያኔ ነገሩ ደም ይሆናል፤ ገዳዩ አገር ጥሎ ይጠፋል፣ የሟች ወንድም ደግሞ ደመላሽ ይሆናል። ፍርድ ቤት ገዳዩን ቢያስረውም ደሙ አይደርቅም፤ ከእስር ሲወጣ ይጠበቃል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ይገባሉ፤ በአማራ አገር ብዙ ቦታ ደም አድራቂ ይባላሉ። ሟች ቤት ሲሄዱ መጀመሪያ ይባረራሉ። ይመለሳሉ፣ ደግመው ይሄዳሉ፣ ደጅ ይጠናሉ፣ ካህን ይዘው መስቀል አስይዘው ይመጣሉ። ቤተሰቡ ሲለሳለስ ቀን ይቆረጣል። በዚያ ቀን ገዳዩ አንገቱን ደፍቶ ድንጋይ ተሸክሞ በሟች ዘመዶች ፊት ይመጣል። ድንጋዩ በትከሻው ላይ ሳለ ማንም አይቸኩልም። እሱ እየላበ ጎንበስ ብሎ ይቆማል፤ ሽማግሌው ስለ ማርያም፣ ስለ እግዚአብሔር እያለ ይለምናል፤ እናትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። በመጨረሻ አንድ ሰው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል። ያኔ ድንጋዩ ይወርዳል። ካሳው ይቆረጣል፣ መሐላው ይፈጸማል፣ በአንድ ማዕድ ይበላል።

ይህን ከካቶሊኩ ምሥጢረ ንስሐ ጋር ብናነጻጽረው የሚጎድለው በየትኛው በኩል እንደሆነ ይታያል። ሽምግልናው ካሳውንና አደባባዩን አጥብቆ ይይዛል፤ የገዳዩ ልብ በእርግጥ ተሰብሮ እንደሆነ ግን ብዙም አይመረምርም፤ ድንጋዩን መሸከሙ ይበቃዋል። ኑዛዜው በተቃራኒው ልብን ይመረምራል። ነገር ግን የሚፈጸመው በሁለት ሰው መካከል በሹክሹክታ ስለሆነ የተበዳዩ ወገን እዚያ የለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የካቶሊክ ትምህርት ይህን ስለሚያውቅ ነው ካሳን የንስሐ አካል ያደረገው። የፎገራ ሽማግሌ ይህን ሲሰማ የሚደነቅ አይመስለኝም፤ «ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?» የሚል ነው የሚመስለኝ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልሂድ። ከወረታ ወደ ጎንደር ሲጓዙ አዲስ ዘመንን አልፈው እንፍራንዝ ሲቃረቡ ከመንገዱ ከፍ ብሎ የጉዛራ ግንብ ይታያል። አፄ ሠርፀ ድንግል አሠሩት የሚባለው ነው። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት የነገሥታቱ ሰፈር በዚህ በጣና ዙሪያ ይዘዋወር ነበር። አፄ ሱስንዮስ በ1607 መንግሥቱን ሲይዙ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ካህን በአገሩ ከገባ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ፓኤዝ መጀመሪያ ሊመጣ ሲል ተይዞ ሰባት ዓመት በየመን በቱርኮች እጅ በምርኮ የማቀቀ ሰው ነው። ግእዝና አማርኛ ተማረ፣ ከሊቃውንቱ ጋር ተከራከረ፣ ቤተ መንግሥት ገባ፤ አልቸኮለም። በ1622 ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ለፓኤዝም ተናዘዙ። ከኑዛዜው ጋር ከመጀመሪያይቱ በቀር ሌሎቹን ሚስቶቻቸውን አሰናበቱ። ፓኤዝ ብዙም ሳይቆይ በዚያው ዓመት በግንቦት ጎርጎራ ላይ በንዳድ ሞተ።

በመጽሐፉ ሕግ ይህ ሙሉ ንስሐ ነው፤ ተጸጽቷል፣ ተናዝዟል፣ አኗኗሩን አርሟል። እኔን ግን ስለተሰናበቱት ሴቶች ማሰብ አይተወኝም። የንጉሥ ሚስት ነን ብለው ያደሩ በማግሥቱ ምን ሆኑ? የንጉሡን ንስሐ የጻፉልን ሰዎች የእነሱን ካሳ አልጻፉልንም።

ጣጣው የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በ1625 አፎንሶ ሜንዴዝ ፓትርያርክ ተብሎ መጣ፤ በየካቲት 1626 ንጉሡ በፊቱ ተንበርክከው ለሮም መታዘዛቸውን ማሉ። ሜንዴዝ ፓኤዝን አልመሰለም። ካህናቱ እንደገና ክህነት ይቀበሉ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ፣ ግዝረትና ቅዳሜን ማክበር ይቅር፣ በዓላትና አጽዋማት በሮም አቆጣጠር ይሁኑ አለ። ለአንድ የገጠር ቄስ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ አባቱም ራሱም የቀደሱበት ክህነት ከንቱ ነበር መባሉ ነው። ሕዝቡን ንስሐ ግባ ሲሉት የሚናዘዘው ኃጢአት የአባቱ ሃይማኖት ሆነበት።

ፎገራ ሩዝን የተቀበለችበት መንገድ እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። ሩዝ ለዚህ ሜዳ እንግዳ ነው፤ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ ከተሞከረ ገና የአንድ ሰው ዕድሜ አልሞላውም። ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። ሩዙ የገባው ግን ጤፍን አስወጥቶ አይደለም። ሴቶቹ ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ጋገሩት፣ ጠላም ጠመቁበት፤ እንግዳው በምጣዱ በኩል ቤተኛ ሆነ። የሜንዴዝ ሃይማኖት ግን ምጣዱም ይሰበር ብሎ ነው የመጣው።

አመፁ ከየአቅጣጫው ተነሳ። ከሁሉም የበረታው የላስታው ነበር፤ መሪው መልክዐ ክርስቶስ። ዛሬ ከወረታ ተገንጥሎ በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ ወደዚያው ወደ ላስታ ተራሮች የሚያደርስ ነው። በ1632 የላስታ ገበሬዎች ወደ ጣና አገር ወረዱና በሰኔ ወር ወይና ደጋ በሚባል ስፍራ ከንጉሡ ጦር ጋር ገጠሙ። ንጉሡ ድል አደረጉ። የወደቁት እስከ 8,000 እንደሚደርሱ ተጽፏል። በማግሥቱ ልጃቸው ፋሲለደስና መኳንንቱ ሬሳ በሞላበት ሜዳ ላይ ይዘዋቸው እንደሄዱ ይነገራል። የወደቁት እስላምም አረመኔም አይደሉም፣ ክርስቲያኖችና የገዛ ወገኖቻችን ናቸው፤ ይህ ድል ሳይሆን በገዛ ሆድ ላይ የተሰካ ጎራዴ ነው የሚል አቤቱታ ቀረበላቸው።

ሱስንዮስ በዚያው ወር አዋጅ አስነገሩ። ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት ይመለስ፣ ካህናቱም ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ይግቡ አሉ። ዙፋኑንም ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሚሲዮናውያኑ እንደጻፉት ራሳቸው እስከ ሞታቸው ድረስ በካቶሊክ እምነት ጸንተዋል። የካቶሊክ ጸሐፊዎች ያንን አዋጅ ለረጅም ዘመን እንደ ሽንፈት፣ አንዳንዶችም እንደ ክህደት ቆጥረውታል። እኔ ግን በዚህ ምዕራፍ ሚዛን ከመዘንነው ከሱስንዮስ ሁለት ንስሐዎች የበለጠው ይህኛው ነው እላለሁ። የ1622ቱ ኑዛዜ በጆሮ ነበር። የ1632ቱ ድንጋዩን ወደ ቦታው መመለስ ነበር፤ በአደባባይ፣ በአዋጅ፣ ዋጋው ዙፋን ሆኖ። የራሳቸውን እምነት ሳይለቁ የሌላውን ወሰን መለሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልለፈው። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። በ1638 አጋታንጀሎና ካሲያን የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ካፑቺን መነኮሳት ተሰቀሉ፤ በ1716 ሦስት ፍራንቸስካውያን ጎንደር ላይ በድንጋይ ተወገሩ። አምስቱንም ሮም ብፁዓን ብላ ሰይማቸዋለች። ስለዚህ በደሉ ከአንድ ወገን ብቻ አልነበረም፤ በዚህ አገር ስለ ሃይማኖት የተሸከምነው ድንጋይ ሁላችንም ትከሻ ላይ ነው።

ከሱስንዮስ አዋጅ 200 ዓመት ያህል በኋላ በ1839 ዐድዋ የገባው ጣሊያናዊው ዩስጢኖስ ደ ያቆብስ የሜንዴዝን ትምህርት በደንብ ያጠና ይመስላል፤ የተገላቢጦሹን አደረገ። የአገሩን መነኩሴ ልብስ ለበሰ፣ የግእዙን ሥርዓት አከበረ፣ ካህናቱን ከአገሬው መረጠ። ከተከተሉት መካከል ጎንደር የተማሩት የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ይገኙበታል፤ በ1855 በእስር ሰንሰለት ውስጥ እያሉ ዐረፉ። ዛሬ በኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው በግእዝ የሚሰማው ሜንዴዝ ሊያጠፋው የፈለገው ሥርዓት በመጨረሻ ስላሸነፈ ነው።

የሮም ቤተ ክርስቲያን ራሷስ ተናዝዛለች? መጋቢት 12 ቀን 2000 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ልጆች በደል በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። ከተናዘዙባቸው በደሎች አንዱ እውነትን እናገለግላለን በማለት ኃይል መጠቀም ነው። የኢትዮጵያ ስም አልተጠራም። የሜንዴዝን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ግን ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም። በ1935 በተጀመረው ወረራ ጊዜ አንዳንድ የጣሊያን ጳጳሳት ለፋሽስቱ ጦርነት የሰጡት ቡራኬ ደግሞ ራሱን የቻለ ምዕራፍ የሚፈልግ ዕዳ ነው።

እኚሁ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በግንቦት 1981 ተተኩሶባቸው ቆስለው ነበር። በታኅሣሥ 1983 ተኳሹን መሐመድ አሊ አጃን ሮም እስር ቤት ድረስ ሄደው ጎን ለጎን ተቀምጠው አነጋገሩት። ምን እንደተባባሉ ሚስጥር አደረጉት። ይቅር ብለውታል፤ እሱ ግን በጣሊያን እስር ቤት እስከ 2000 ቆይቷል። ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ይቅርታው ምን ጠቀመው?» የሚሉ አሉ። ያን ገበሬ ይጠይቁት፤ ይቅር ተብሎም ሩዙን ተሸክሞ መሄዱ አልቀረለትምና።

በካቶሊክ ትምህርት ሰላም የሚባለውም ይኸው ነው እንጂ የልብ መርጋት ብቻ አይደለም። ሰውየው ከእግዚአብሔር፣ ከራሱ፣ ከጎረቤቱና ከማኅበሩ ጋር የነበረው ሲጠገን ነው ሰላም የሚባለው፤ አንዱ ተጠግኖ ሌላው ተሰንጥቆ ከቀረ ሥራው አላለቀም። ፎገራ ላይ ይህ በቀላሉ ይለያል፦ በማግሥቱ ልጆቹ አብረው ከብት ይዘው ይወጣሉ ወይስ አይወጡም?

ሱስንዮስ ከአዋጁ በኋላ ብዙ አልኖሩም፤ በዚያው በ1632 በመስከረም ወር ዐረፉ። የተቀበሩት አዘዞ፣ ገነተ ኢየሱስ ነው። ከወረታ ተነስቶ ጎንደር የሚገባ መኪና ሁሉ ከተማው ከመድረሱ በፊት በአዘዞ በኩል ያልፋል።